«ጎዳናዎች ብሩሾቻችን፣ አደባባዮች የቀለም ገበታዎቻችን»

አባባሉ የሩሲያዊው ባለቅኔ የቭላዲሚር ማያኮቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1918 «ለኪነ ጥበብ ሠራዊት ትእዛዝ» ብሎ ካወጣው ግጥም የተወሰደ ነው። የሩሲያው የ1917 አብዮት ከፈነዳ ገና ዓመት ከወሩ ነበር። ግጥሙ የምር ያዝዛል። ፒያኖውን ጎትታችሁ መንገድ ላይ አውጡት፣ ከበሮውን በመስኮት አውርዱት ይላል።

ዛሬ አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ግድግዳ ላይ ስዕል ሲሳል ነው። ያስኬዳል። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይሰፋል። ስዕል በሀብታም ሳሎንና በሙዚየም ተቆልፎበት መቀመጡ ይብቃ ማለት ነው። አልፎ ተርፎም ሰው የሚለብሰው፣ የሚሸምተው፣ ሲወጣ ሲገባ የሚያየው ሁሉ የሰዓሊ እጅ ይረፍበት ማለት ነው።

ግጥሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው የአብዮቱ አንደኛ ዓመት በፔትሮግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ተከብሮ ነበር። ናታን አልትማን የተባለ ሰዓሊ የቤተ መንግሥቱን አደባባይ በቀለም አጥለቀለቀው። መሀል ላይ የቆመውን የአሌክሳንደር ዓምድ በቀይና በብርቱካናማ ቅርጾች ከበበው። ዓይን ይሞላል መቼም። እኔን ግን ብዙም አይገርመኝ፤ ለበዓል የተሰቀለ ነገር በማግስቱ ይወርዳል። አባባሉ ሥጋ የለበሰው ከበዓሉ በኋላ ነው።

1919 መገባደጃ ላይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተፋፍሟል። የሞስኮ ሱቆች ባዶ ናቸው። ሚካኢል ቼረምኒክ የሚባል ሰዓሊ ባዶዎቹን የሱቅ መስኮቶች በሥዕላዊ ዜና መሙላት ጀመረ። ማያኮቭስኪም ብዙ ሳይቆይ ተቀላቀለው። አሠሪያቸው ሮስታ የተባለው የመንግሥት ዜና ወኪል ነበር። ቴሌግራም ሲመጣ ማያኮቭስኪ ግጥም ያወጣለታል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይስለዋል። ሌሎቹ ካርቶን ቀደው፣ በቀዳዳው ቀለም እየቀቡ ያባዙታል። ወሬው ትኩስ እንዳለ መስኮት ላይ ይለጠፋል። ፊደል ያልቆጠረውም ቆም ብሎ አይቶ ነገሩ ይገባዋል። ሥራው ፋታ አይሰጥም ነበር። ማያኮቭስኪ ከባድ እንቅልፍ እንዳይጥለው በትራስ ፈንታ የማገዶ ፍልጥ ይንተራስ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ፍልጥ ተንተርሶ ማን ለሽ ይላል!

ሰዓሊዎቹ ሊዩቦቭ ፖፖቫና ቫርቫራ ስቴፓኖቫ ደግሞ የሸራ ስዕሉን ትተው ሞስኮ ውስጥ ጨርቅ ማተሚያ ፋብሪካ ገቡ። ይህ ከ1923 ወዲህ ነው። ድሮ ሸራ ላይ ይስሉት የነበረው ክብና ሰረዝ ብትን ጨርቅ ላይ ታተመ፤ ቀሚስ ሆኖም ተለበሰ። ፖፖቫ አንዲት ገበሬ ሴት የእሷን ጨርቅ ስትገዛ ማየት ከየትኛውም የስዕል ስኬት በላይ እንዳስደሰታት ይነገራል። ለእኔ የአባባሉ ፍቺ ከአልትማን አደባባይ ይልቅ እዚህ ጨርቅ ላይ ነው ያለው።

ማያኮቭስኪ ራሱም ወደ ሱቅ ወረደ። ከሰዓሊው ከአሌክሳንደር ሮድቼንኮ ጋር ሆኖ ለሲጋራ፣ ለከረሜላና ለብስኩት ማስታወቂያ ይሠራ ጀመር። አንዱ ደንበኛቸው ሞስሴልፕሮም የተባለ የመንግሥት ድርጅት ነበር። «ከሞስሴልፕሮም በቀር የትም የለም» የሚለው የማያኮቭስኪ መፈክር በድርጅቱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ። ሕንፃው ዛሬም ሞስኮ ውስጥ ቆሟል። ሌሎች ገጣሚዎች ሱቅ አሻሻጭ ሆነ ብለው ቢሳለቁበትም እሱ ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። ስለራሱ በጻፈው አጭር ታሪክ ላይ ያቺን የሱቅ መፈክር ከፍተኛ ደረጃ ያላት ግጥም ብሏታል።