እንግዶቼ በልባቸው ይዘዋት የሚመጡት እንግሊዝ

ለንደን ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ከእንግዶቼ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ወላጆች ናቸው፤ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ሲያቀኑ ሁለት ሦስት ቀን እዚህ የሚያድሩ ወገኖችም አሉ። ሁሉም ከቴሌቪዥን፣ ከኳስና ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የተሠራች አንዲት እንግሊዝ በልባቸው አለች። ያቺን እንግሊዝ ላፈርስባቸው አልፈልግም። ግን ካልታረመች የኛ የሆነው ነገር አጠገባቸው እያለ ሳያዩት ይሄዳሉ፤ ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ቢግ ቤን ያ ረጅሙ ማማ ነው»

ዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ ቆመን ስልካቸውን ወደ ላይ ሲያቀኑ «እሱ ከውስጥ ነው፤ አይታይም» እላቸዋለሁ። ቢግ ቤን የትልቁ ደወል ስም ነው። 13.7 ቶን ይመዝናል። 96 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ከ2012 ጀምሮ የሚጠራው በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም ነው፤ ኤልሳቤጥ ታወር ይባላል።

ስለ ደወሉ በጣም የምወደው ታሪክ ግን ስሙ አይደለም። በ1859 መደወል በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰነጠቀ። አላቀለጡትም። ስንጥቁ በመዶሻው እንዳይመታ ትንሽ አዞሩት፣ መዶሻውንም በቀላል ለወጡት፤ ዛሬም የምንሰማው የዚያኑ የተሰነጠቀ ደወል ድምፅ ነው። ሰዓቱ ሲዘገይ ደግሞ ፔንዱለሙ ላይ አንድ የድሮ ሳንቲም ያስቀምጣሉ፤ ያቺ ሳንቲም በቀን 0.4 ሰከንድ ታፈጥነዋለች። እንግዶቼን ሰዓቱ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ድልድዩ ላይ የማደርሳቸው ለዚህ ነው። ቢግ ቤን በጆሮ የሚጎበኝ ነገር ነው።

«ለንደን ብሪጅ ያ ባለ ሁለት ማማው ነው»

እሱ ታወር ብሪጅ ነው። የመካከለኛው ዘመን ግንብ ቢመስልም የተከፈተው በ1894 ነው፤ አካሉ ብረት ሆኖ ድንጋይ ያለበሱት ከጎኑ ካለው ከጥንቱ የለንደን ግንብ ጋር እንዲስማማ ብለው ነው። ለንደን ብሪጅ ከእሱ ወደ ምዕራብ ሲሉ የሚገኘው፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው፣ በ1973 የተከፈተው ተራ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው የነበረው ድልድይ በ1968 ለአንድ አሜሪካዊ ባለሀብት ተሽጦ፣ ድንጋዩ በቁጥር እየተለየ ተጭኖ አሪዞና ውስጥ እንደገና ተሠራ። «ሰውየው ታወር ብሪጅን የገዛ መስሎት ነው» የሚባለውን ገዢው ራሱ አስተባብሏል።

«ለንደን ዝናቡ አያባራም»

ይህን ሐምሌ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ዶፍ ሸሽተው የመጡ ሰዎች ሲሉኝ በጣም ይገርመኛል። ለንደን በዓመት የሚዘንብባት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው፦ የኛ ዝናብ በክረምት ተሰብስቦ ይወርዳል፤ የለንደን ካፊያ ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ ያካፋል።

እዚህ የምንኖረውን የሚከብደን ከዝናቡ ይልቅ የብርሃኑ ማጠር ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰኔ ላይ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላም ልጆች ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ያያሉ። ወላጆቻችሁን ልታመጡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ በዚያ ወር አምጧቸው።

«እንግሊዝ ማለት ያው ብሪታንያ ማለት ነው»

ይህ ከቋንቋችን የመጣ ነው። «የእንግሊዝ ኤምባሲ» ብለን ነው ያደግነው። እንግሊዝ ግን ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከሰሜን አየርላንድ ጋር የተባበረው መንግሥት አንድ ክፍል ናት። ስኮትላንድ በ1707 በውህደት እስክትገባ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ ዛሬም ሕጓና ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ናቸው። ኤድንብራ ላይ ለታክሲ ሹፌር «እንግሊዝ ደስ ትላለች» ብትሉት ቅር ይለዋል፤ ልክም ነው። ማንነቱ በሌላ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው እኛ አገር ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው የለም።

«እንግሊዞች ድሮም የሻይ ሰዎች ናቸው»

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ለኛ ሰው ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነውና።

ለንደን ከሻይ በፊት የቡና ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው፤ ከኦቶማን ግዛት ከአንድ ነጋዴ ጋር በአገልጋይነት የመጣ ፓስካ ሮዜ የሚባል ሰው ከፈተው። ቦታው ዛሬ በነጋዴዎቹ ሰፈር፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለ መጠጥ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ከዚያ በኋላ ቡና ቤቶቹ በከተማዋ ተስፋፉ። አንድ ፔኒ ከፍሎ የገባ ሰው ሲኒውን ይዞ ጋዜጣ ሲነበብ፣ ነጋዴ ሲከራከር፣ ሊቃውንት ሲወያዩ ይሰማ ስለነበር «የአንድ ፔኒ ዩኒቨርሲቲ» አሏቸው። በዓለም የታወቀው የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያም የጀመረው ኤድዋርድ ሎይድ በሚባል ሰው ቡና ቤት ውስጥ፣ መርከበኞችና ነጋዴዎች ወሬ ሲለዋወጡ ነው።

ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ግን ወሬው አስፈራቸው። በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶች ሁሉ ይዘጉ የሚል አዋጅ አወጡ። ሕዝቡ ስለተቆጣ አዋጁ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሻሩት። በቡና ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ጨዋታ በአዋጅ እንደማይቋረጥ እናቶቻችን ቢጠየቁ ይነግሯቸው ነበር።

ሻይን በቤተ መንግሥት ያስለመዱት የእኚሁ ንጉሥ ሚስት፣ በ1662 ከፖርቱጋል የመጡት ካትሪን ናቸው። የሕዝብ መጠጥ የሆነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ዋጋው ሲቀንስ ነው። በመተላለፊያው ቆሜ ይህን ስናገር፣ ዘሩ ከኛ ደን ወጥቶ በየመን ወደብ በኩል እዚህ የደረሰው መጠጥ ይህችን ከተማ ሲያነቃቃ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል።

«ንጉሡ የሚኖሩት በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ነው፤ ጠባቂዎቹም ለጌጥ የቆሙ ናቸው»

ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በኪንግሃምን ለሥራ ይጠቀሙበታል፤ መኖሪያቸው በአቅራቢያው ያለው ክላረንስ ሃውስ ነው። ጣሪያው ላይ የአገሪቱ ባንዲራ ከተሰቀለ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሉም፤ ካሉ የሚሰቀለው የራሳቸው ዓርማ ነው። ባለ ጸጉራም ባርኔጣዎቹ ጠባቂዎችም በሥራ ላይ ያሉ እውነተኛ ወታደሮች ናቸው። እባካችሁ አትንኳቸው፤ መንገዳቸው ላይም አትቁሙ።

«ቦክሲንግ ደይ የቦክስ ውድድር ቀን ነው»

ከፈረንጆች ገና ማግስት ያለው ቀን ነው፤ ስሙ የመጣው ለአገልጋዮችና ለድሆች በሣጥን ከሚሰጥ ስጦታ ነው። ቡጢ የለበትም።

«ታቦቶቻችንን ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደን እናያቸዋለን»

ይህን ሲጠይቁኝ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አይታዩም። ሙዚየሙ 11 ታቦቶች አሉት፤ አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩዋቸውም። ካህናት ብቻ በሚገቡበት ክፍል ተዘግቶባቸዋል። ለማንም የማይታይ ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም፤ ሙዚየሙ ቅርስ እንዳይሰጥ በ1963 የወጣው ሕግ ያግደኛል ይላል።

«ምንም አይመለስም» የሚለውም ግን ልክ አይደለም። ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት በ2002 አዲስ አበባ ገብቷል፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። የለንደኑ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ዌስትሚኒስተር አቢም በመንበሩ ውስጥ ያለውን ታቦት ለመመለስ በ2024 በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ከመቅደላ የሄደው የወርቅ ዘውድ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ቢያንስ እሱን ሳያዩ አይሂዱ እላለሁ።

«ቅዱስ ጊዮርጊስ የእንግሊዝ ሰው ነው»

በእርግጥ ይህን የሚሉት የኔ እንግዶች ሳይሆኑ እንግሊዞቹ ናቸው። ሰማዕቱ ግን እንግሊዝን በዓይኑ አላያትም፤ ትውፊቱ ከቀጰዶቅያና ከልዳ ነው። እኛ ሚያዝያ 23 እናነግሠዋለን። እነሱ ኤፕሪል 23 ያከብሩታል፤ በኛ ሚያዝያ 15 መሆኑ ነው። ቁጥሩ ያው፣ ቀኑ ስምንት ቀን የተራራቀ። ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ቤተ መቅደስ የእሱ ነው፤ ጉዞዬን ሁልጊዜ የምጨርሰውም እዚያ ነው።

«ልዑል አለማየሁ ከነገሥታቱ ጋር ተቀብሯል»

ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይጽናናል። ሌሎች ደግሞ «መርዘው ገደሉት» ይሉኛል። ሁለቱም እንዲህ አይደለም።

መቅደላ ስትወድቅ፣ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር አብረውት ጉዞ ጀምረው በመንገድ አረፉ። ልጁ ብቻውን እንግሊዝ ገባ፤ ራግቢ ትምህርት ቤት ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተመቸውም። በ1879 ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ታሞ ሳለ ራሱ «ተመርዣለሁ» ብሎ ሕክምና እምቢ ያለበት ጊዜ ነበር፤ የመርዙ ወሬ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛል። ያ ልጅ አጠገቡ የሚያምነው አንድ ሰው እንዳልነበረው ያሳየኛል፤ ከመርዙ ወሬ ይልቅ ይህ ነው የሚያመኝ።

አካሉ ያለው ከዚሁ ከዊንዘሩ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ ለጎብኚ በማይከፈት የመሬት ውስጥ መቃብር ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው የነሐስ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፎበታል። በ2023 የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሌሎቹን ሙታን ሳይረብሹ አካሉን ማውጣት እንደማይቻል ገልጿል። በዚያው ዓመት ግን አንዲት ዘለላ ጸጉሩ ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ባለፈው አንዲት እናት ሰሌዳውን በልጃቸው ካስነበቡ በኋላ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ተዝካሩንስ ማን አወጣለት ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰዉ እየተገፋ ሲያልፍ፣ እዚያው ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙለት።

እሑድ ቤተ መቅደሱ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ዊንዘርን ሐሙስ ወይም ዓርብ አደርገዋለሁ፤ ጠዋት ገና በር ሲከፈት፣ ሰሌዳው ፊት ሰው ሳይበዛ።