ናይትራይቱ ዜሮ ነው፤ ታዲያ ዓሣ ልጨምር?

ድሬ ላይ አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም የጀመረውን ሁሉ የሚያደናግረው "ሳይክል" የሚሉት ነገር ነው። ውሃው ስለጠራ ደርሷል ብላችሁ ዓሣ እንዳትከቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚበሰብስ ምግብና ከዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይወጣል፣ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። አሞኒያው ገዳይ ነው፤ ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይከፋም። ናይትራይት የሚታየው የመጀመሪያው ባክቴሪያ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ናይትራይት ዜሮ ካሳያችሁ ሳይክሉ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። አሞኒያ እስከ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ) ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከገቡ፣ ናይትሬትም ከታየ፣ ያኔ አልቋል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ናይትራይት ከፍ ባለበት ሰሞን ደግሞ የናይትሬቱን ንባብ አትመኑት፤ መመርመሪያው ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ቀይሮ ስለሚለካ አጋኖ ያሳያል።

የእኛ ከተማ ጣጣ ሌላ ነው። የቧንቧችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ጨው ከመበጥበጣችሁ በፊት ውሃውን ብቻውን ለናይትሬት መርምሩት፤ አለበለዚያ ከቧንቧ የመጣውን ባክቴሪያው የሠራው ይመስላችኋል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙሉና የጨው መለኪያው (የውሃው ጥግግት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) 1.025 አካባቢ መሆኑን እዩ።