የድሮ ሙዚቃዊ ፊልሞች ሕፃናት፦ የሚወራውና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድመን ሕፃኗ የሆሊውድ ኮከብ ሸርሊ ቴምፕል የምትጫወትበትን «ትንሿ ኮሎኔል» የተባለውን የ1935 ፊልም እያየን ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሷ ቅጣት ነው። ደረጃው ላይ ያለው ዳንስ ሲመጣ ግን ስልኩን አስቀመጠች። «አክስቴ፣ መልሺው መልሺው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አየነው። በዚህ መሀል እናቷ ከኩሽና ብቅ ብላ «ያቺ እኮ ልጅ አይደለችም፣ ትልቅ ሴት ናት ሲባል ሰምቻለሁ» አትልም! ክርክሩ ተጀመረ።

ከዚሁ ልነሳ። «ሸርሊ ቴምፕል ልጅ አልነበረችም፣ ቁመቷ ያጠረ ትልቅ ሴት ናት።» ወሬው የእህቴ ፈጠራ አይደለም። በ1930ዎቹ አውሮፓ ውስጥ በደንብ ከመናፈሱ የተነሳ ቫቲካን አንድ ቄስ እንዲያጣራ ልኮ ነበር። ሸርሊ የተወለደችው በ1928 ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ልጅ ነበረች፣ አለቀ። ፀጉሯም ዊግ አይደለም። እናቷ ማታ ማታ እየጠቀለለች በፒን ትይዝላት ነበር፣ 56 ጥቅልል! ይህን ያላመኑ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት ጎተት እያደረጉ ይሞክሩት ነበር አሉ። ዕድሜዋ ላይ ውሸት አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም፤ ነበረ፣ በሌላ አቅጣጫ። እመለስበታለሁ።

«ተሰጥኦ ነው፣ ካሜራ ከፍተው ለቀቋት።» እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ልጅቷ በሦስት ዓመቷ ዳንስ ትምህርት ቤት ገብታለች። የመጀመሪያዎቹን አጫጭር ፊልሞች ስትሠራ ደግሞ፣ ራሷ በሕይወት ታሪኳ እንደጻፈችው፣ ያስቸገረ ልጅ በረዶ ያለበት ትንሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይዘጋበት ነበር። በረዶው ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ወይ እግርህ እስኪዝል ትቆማለህ። ፊልሞቹን ስወዳቸው ይሄን ረስቼ አይደለም።

ዘፈኑም ቢሆን እዚያው የተዘፈነ የሚመስለን ብዙዎች ነን። አይደለም፤ እኛ ፕሌይባክ የምንለው ነገር ነው። አስቀድሞ ከኦርኬስትራ ጋር ይቀረጻል። በቀረጻው ቀን በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደንሳለች። ሙዚቃው ስቱዲዮውን ሞልቶት ስለሚጮህ የጫማው ድምፅ ለብቻው አይያዝም። ስለዚህ ታፕ ዳንሰኛው (በጫማው ወለሉን እየመታ የሚደንሰው ማለት ነው) በኋላ ሌላ ክፍል ገብቶ፣ ራሱን ስክሪን ላይ እያየ፣ እያንዳንዷን ኳኳታ በእግሩ ድጋሚ ይመታታል። አንዷ ምት ትንሽ ከዘገየች ዓይን ወዲያው ያውቅባታል። የስድስት ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ ይህን የምትሠራው! ከመቀረጿ በፊት ደግሞ እናቷ ከካሜራው ጀርባ ሆና «አብሪ ሸርሊ!» ትላት ነበር። ያ ፈገግታ በትዕዛዝ የሚበራ ፈገግታ ነው፣ ግን ሲበራ ደግሞ ከልብ ነው የሚመስለው።

ወደ ደረጃው ዳንስ ልመለስ፣ ምክንያቱም «እነዚህ ፊልሞች ጣፋጭ ከረሜላ ናቸው፣ ሌላ ቁም ነገር የላቸውም» የሚለውም እዚያው ላይ ይፈርሳል። ልጅቷ አልተኛም ብላለች። የቤቱ አሳላፊ፣ ማለትም ታላቁ ጥቁር ዳንሰኛ ቢል ሮቢንሰን፣ ደረጃ ለመውጣት አዲስ ዘዴ ላሳይሽ ይላታል። መጀመሪያ ብቻውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጫማው ያወራል። ከዚያ እጇን ይይዛታል። ሸርሊ የሱን ሁሉ ማድረግ ስለማትችል የጫማዋን ጫፍ ወደ ደረጃው ግንባር መታ መታ ታደርጋለች፣ ድምፁ ይሞላል። የእህቴ ልጅ «ደረጃው ከበሮ ነው እንዴ?» ያለችው እዚህ ጋ ነው።

ያ የእጅ ለእጅ መያያዝ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ነጭና ጥቁር ጥንድ ሆነው በሆሊውድ ፊልም ሲደንሱ የመጀመሪያዎቹ ተብለው የሚጠቀሱት እነሱ ናቸው፤ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሲታይም እጅ ለእጅ የሚነካኩበት ተቆርጦ ወጥቷል። አንዲት ሕፃንና ሃምሳ አምስትን ያለፈ ሰው እጅ ስለተያያዙ! ፊልሙ ራሱም ንጹሕ አይደለም፤ ጥቁሮቹ በሙሉ አገልጋይ ናቸው፣ ሮቢንሰንን የሚያህል ሰው ትሪ ይዞ ይዞራል። እኔ ስመለከተው ዳንሱ ያስደስተኛል፣ ትሪው ያሳፍረኛል። ሁለቱ እስከ 1938 አራት ፊልም አብረው ሠርተዋል። እሷ «አጎቴ ቢሊ» ነበር የምትለው፤ በኛ ጋሼ ቢሊ መሆኑ ነው።

አጫጭሮቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሸርሊ የዘፈነችለት ታዋቂው «ሎሊፖፕ» መርከብ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው፤ በ1934ቱ ፊልም ውስጥ የምትዘፍነው አውሮፕላን ውስጥ ሆና ነው። የ1939ኙ የኦዝ ጠንቋይ ፊልም የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፊልም አይደለም፣ ከሱ በፊት ብዙ አሉ። ወዲያውም አላተረፈም። ሰዉ ቤት ውስጥ የገባው ከ1956 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በዚሁ ፊልም ዋናዋ ተዋናይት የሆነችውን የጁዲ ጋርላንድን ቦታ ሸርሊ ልትወስደው ነበር፣ በምትኩ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ተዋናይት ጂን ሃርሎው ለሸርሊ ስቱዲዮ ለፎክስ ልትሰጥ ነበር የሚባለውም አያስኬድም። ሃርሎው የሞተችው በሰኔ 1937 ነው፤ ፊልሙን የሠራው ኤምጂኤም የታሪኩን መብት የገዛው በ1938። ከሞት ተነስታ ካልሆነ በቀር።

«ገንዘቡን እንደ ጉድ በልተዋል» የሚለውስ? ልጆቹ አልበሉትም። ከቻፕሊን ጋር የሠራው ጃኪ ኩጋን በልጅነቱ ሚሊዮኖች አስገብቶ፣ ሲያድግ እናቱንና የእንጀራ አባቱን በ1938 ከሶ ያገኘው 126,000 ዶላር ገደማ ነው። ካሊፎርኒያ በ1939 የልጆች ገቢ በከፊል እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በሱ ምክንያት ነው። ሸርሊም ከ3 ሚሊዮን በላይ አስገብታ፣ አድጋ ሂሳቡን ስታይ 44,000 ገደማ ነበር የቀረላት። አባቷ ደግሞ የባንክ ሰው ነው፣ በሉ።

«ሁሉም መጨረሻቸው አላማረም» ይባላል። ጁዲ በ1969 በ47 ዓመቷ ስለሞተች ሁሉንም በሷ መለካት ለምደናል። ሌላዋ የዘመኑ ልጅ ኮከብ ዲያና ደርቢን ግን ገና ወጣት ሳለች በቃኝ ብላ ፈረንሳይ ገባች፤ እስከ 2013 ኖራለች፣ ጋዜጠኛም በሯን አያስከፍታትም ነበር። እንደነሱ በልጅነቱ የጀመረው ተዋናይ ሚኪ ሩኒ እስከ 93 ዓመቱ ኖሯል። ሸርሊ በ1970ዎቹ ጋና፣ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ አምባሳደር ሆናለች።

የዕድሜው ውሸት ቀርቶን ነበር። ስቱዲዮው ልጅነቷ ቶሎ እንዳያልቅበት አንድ ዓመት ቀንሶላት ነበር። እሷም አታውቅም። በ1941 አሥራ ሁለተኛ ልደቴን ላከብር ነው ብላ ስትጠብቅ እናቷ 13 መሆኗን ነገረቻት። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ትንሽ አሰበችበት። «ታዲያ» አለች፣ «የዚያኛውን ዓመት ኬክ ማን በላው?»