«መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ…»

አክስቴ ጋ የደረስኩት ኅዳር ላይ ነበር። ቤቷ ደጋ አገር ነው። ከመኪና ወርዶ አንድ ወንዝ መሻገር ግድ ይላል። አገላብጣ ሳመችኝ። ቡናው ቀረበ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ላይ ስንደርስ፣ ስኒውን እያቀበለችኝ፣ «መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ…» አለችና ዝም አለች።

እኔ ግጥሙን የማውቀው ከፖስት ካርድ ላይ ነው። ቢጫ አበባ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ስንኝ፣ ከዚያ «መልካም አዲስ ዓመት»። ኅዳር ላይ የእንቁጣጣሽ ግጥም ምን አመጣው ብዬ ግራ ገባኝ። አጠገቧ የተቀመጡ ጎረቤቷ ግን ወዲያው ገባቸው። «ወቀሰችህ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሙሉው አባባል ይህ ነው፦

መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ፣
እንኳን ሰው ዘመዱን፣ ይጠይቃል ባዳ።

ቁልፉ ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ብዙ ሰው «ሰው ዘመዱን ይጠይቃል» ብሎ ቶሎ ያነበዋል። እንደዚያ ሲነበብ ደስ የሚል የበዓል ወሬ ይሆናል። ማረፊያው ግን «ዘመዱን» የሚለው ላይ ነው። እንኳን ሰው ዘመዱን፤ ባዳም ይጠይቃል። በተራ አነጋገር ስናወጣው «ሰው ዘመዱን መጠየቁማ ይቅርና፣ የማይዛመደውም ሰው ይጠይቃል» ማለት ነው። «ባዳ» መጨረሻ ላይ የመጣው «ሲፈነዳ» ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም ነው። መስ-ከ-ረም-ሲ-ጠ-ባ፤ አ-ደይ-ሲ-ፈ-ነ-ዳ። ወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው። ለዚህ ነው አንዴ የሰማው ሰው የማይረሳው።

እንግዲህ አባባሉ ስለ አበባ ውበት አይደለም። አበባው ምልክት ነው። አደይ ከፈነዳ በኋላ ያልመጣ ዘመድ ምክንያት የለውም ነው የሚለው። አክስቴ ግማሹን ብቻ ብላ የተወችውም ለዚህ ነው። የቀረውን ግማሽ ራሴ እንድጨርሰው ነው የተወችልኝ። አገር ቤት ጠንካራ ወቀሳ ብዙ ጊዜ በግማሽ ነው የሚነገረው።

«ሲጠባ» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ሕፃን ጡት ከሚጠባው ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። የሕፃኑ በግዕዝ «ጠበወ» ነው። የመስከረሙ «ጸብሐ» ነው፤ ነጋ ማለት ነው። «ጽባሕ» ከዚያው የመጣ ነው፤ ትግርኛም ነገን ጽባሕ ይላል። አማርኛ ጸን ወደ ጠ ቀየረውና ሁለቱ ቃላት አንድ መሰሉ። ስለዚህ መስከረም ጠባ ስንል መስከረም ነጋ እያልን ነው። ክረምቱ ሌሊት፣ መስከረም ንጋት ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ደጋ ላይ ያሳለፈ ሰው ይህ ማጋነን እንዳልሆነ ያውቃል። ፀሐይ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ። ጉሙ ደጃፍ ላይ ይተኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በየዓመቱ መስከረም ላይ «የጸደይ ወቅት መጣ» ሲባል እሰማለሁ። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። ከዚያ በጋ ይከተላል። በአውሮፓ አበባ የሚፈካው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስለሆነ «ጸደይ» የአበባ ወቅት ስም ሆኖ በትርጉም ገባ። የኛ የአበባ ወቅት ግን የክረምቱ ጫፍና የመፀው መግቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች፤ ጽጌ አበባ ነው። መፀው የሚለውን ቃል ብንመልሰው ደስ ይለኛል። በአፋን ኦሮሞ ይህ ወቅት ብራ ይባላል። በአማርኛም ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» እንላለን።

አሁን ወደ አበባው። አደይ ማንም አይዘራውም። በየዳገቱ፣ በየእርሻው ዳር፣ በየገደሉ አፋፍ ራሱ ይበቅላል። ያለፈው ዓመት ዘር መሬት ላይ ረግፎ በጋውን ተኝቶ ያሳልፋል። ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፣ ክረምቱን ያድጋል፣ መስከረም ላይ ይፈነዳል። ከኅዳር በኋላ ደርቆ ይጠፋል። «ፈነዳ» የሚለው ቃል ዛሬ ቦምብ ያስታውሰን ይሆናል። ለገበሬው ግን እምቡጥ የሚከፈትበት ቃል ነው። እውነትም አደይ አንድ አንድ እያለ አይደለም የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ የነበረ ተራራ በዚህ ሳምንት ቢጫ ነው።

የእጽዋት ሊቃውንት አደይን ባይደንስ ከሚባለው ወገን ይመድቡታል። ቃሉ የላቲን ነው፤ «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከዘሩ ነው። በዚህ ወገን ብዙዎቹ ዝርያዎች ዘራቸው ጫፍ ላይ እንደ ጥርስ ያሉ ሹል ነገሮች አሉ። ልብስ ላይ የሚለጠፈው ጨጎጎትም የዚሁ ወገን ነው። ሰፋ ካደረግነው ደግሞ ኑግና ሱፍም የአደይ ቤተሰብ ናቸው። ማሳ ውስጥ የሚበቅለው መችም እንዲሁ። መችና አደይን ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። ከተማ ያደገ ሰው ቢጫውን ሁሉ አደይ ይላል። ገበሬው ግን አይሳሳትም፤ መች የሚታረም አረም ነው፣ አደይ የበዓል አበባ። ንብ አርቢ ደግሞ ሁለቱንም ይወዳል። የጥቅምትና የኅዳር ማር በብዙ ደጋማ አገር ከነዚህ አበቦች ነው የሚመጣው።

ስሙ በየአካባቢው ይለያያል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ገልገለ መስቀል ይሉታል። በአፋን ኦሮሞ ኬሎ ነው። በአማርኛም የመስቀል አበባ የሚሉት ብዙ ናቸው። ሦስቱም ሕዝብ አበባውን ከወቅቱና ከበዓሉ ጋር አያይዞታል። «አደይ» የሚለውን ቃል ራሱን አንዳንዶች ከትግርኛው «ኣደይ»፣ እናቴ ከሚለው ጋር ሲያገናኙት ሰምቻለሁ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። ትግርኛው አበባውን በዚያ ስም አይጠራውማ።

ግን ለምን ዘመድ ጥየቃ ከአበባ ጋር ተያያዘ? መልሱ ወንዝ ነው።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ማለት መለያየት ማለት ነበር። ዓባይ፣ በሽሎ፣ ጀማ ሲሞሉ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ሁለት አገር ይሆናሉ። ትልቁን ወንዝ ተዉት፤ በጋ ላይ በአንድ እርምጃ የሚዘለል ጅረት ሐምሌ ላይ በሬ ይወስዳል። ነገሥታቱ እንኳ ክረምት ላይ አይንቀሳቀሱም ነበር። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመመሥረቱ በፊት ቤተ መንግሥት ማለት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሰፈር ነበር። ያ ሰፈርም ዝናቡ ሲገባ አንድ ቦታ ይረጋል። ይከርማል።

ይህ «ከረመ» የሚለው ቃል ብዙ ይነግረናል። ከረመ ማለት መጀመሪያ ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው። «እንዴት ከረምክ?» የሚለው ሰላምታ የመጣው ከዚያ ነው። ክረምቱን እንዴት አለፍከው? በሽታው፣ ብርዱ፣ የጎተራው መራቆት እንዴት አደረገህ? ይህ ለይስሙላ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው ሞቶም ሊሆን ይችላል። ማዶ ያገባች ልጅ ወልዳ ይሆናል። እናት ታማ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ የመጀመሪያው ሥራ ሄዶ ማየት ነው።

«ጠየቀ» የሚለውም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በአማርኛ ሰው መጠየቅ ማለት ቃል ማቅረብ ብቻ አይደለም። ሄዶ ማየት ነው። የታመመ እንጠይቃለን፣ የታሰረ እንጠይቃለን፣ አራስ እንጠይቃለን። ጥያቄው በእግር ነው የሚቀርበው።

የአዲስ ዓመት ምርቃታችንንም ልብ በሉት። «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» እንላለን። ማሸጋገር የወንዝ ቃል ነው። የሞላ ውኃ የሚያሻግር ሰው እጅ ይዞ ነው የሚያሻግረው። እኔ ይህን ምርቃት ስሰማ ማዶ የቆመ ሰው ነው የሚታየኝ።

«ባዳ» የሚለውን ደግሞ ከባዕድ አገር ሰው ጋር አናምታታው። ባዳ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመድ ማለት ነው። ጎረቤት ባዳ ነው። የገበያ ደንበኛ ባዳ ነው። ክረምት ያቆመው ገበያ መስከረም ላይ ሲነቃ እነዚህ ሁሉ ይገናኛሉ። መንገድ ላይ ስሙን የማያውቁትን ሰው «እንዴት ከረምክ?» ይሉታል። አባባሉ ያየው ይህንን ነው። ባዳው እንኳ እየጠየቀ፣ አንተ የት ነህ?

አደይ በበዓላቱ ውስጥ ያለው ቦታም ከዚህ አይርቅም። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባውን ከለምለም ሣር ጋር ይዘው «አበባ አየሽ ሆይ» እያሉ የሚዞሩት ቤት ለቤት ነው። ጎጃም ውስጥ በዋዜማው እንግጫ ነቀላ አለ። ልጆቹ እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ከአደይ ጋር ይጎነጉኑታል። መስከረም 16 ደመራ ሲደመር ጫፉ ላይ አደይ ይታሰራል። እነዚህ ሁሉ ሰው ለብቻው የሚያከብራቸው አይደሉም። እግር ያለው በዓል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አነጋገር አለ፤ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ»። ይህኛው ጠንከር ያለ ነው። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ከአንድ በላይ ዓይነት ወፎች ናቸው። ወንዶቹ በክረምት መራቢያቸው ሲደርስ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ረጅም ጥቁር ጭራ ያለው ላባ ያወጣሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ያ ላባ ይረግፋል። ከዚያ ተራ ድንቢጥ ይመስላሉ። ስለዚህ ወፏ አልጠፋችም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው አጥር ላይ ነበረች። እኛ ነን ያላወቅናት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አነጋገሩን ለሰው ለመናገር አንደበቴ ይያዛል። የአደይም ዘር እንዲሁ ዓመቱን ሙሉ ከእግራችን ሥር ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን መስከረም ሲመጣ ቢጫ አበባ ፍለጋ ሱቅ ይዞራሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉት አንድ ነገር ልንገራቸው። እርጥብ ሜዳና የመንገድ ዳር ላይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የሚፈካ ቢጫ የዱር አበባ እዚያ አለ። እሱም ባይደንስ ነው። የአደይ የሥጋ ዘመድ ነው። በዚያው በመስከረም፣ ማንም ሳይዘራው ነው የሚወጣው።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም 20 አካባቢ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ወንዙ ገና አልጎደለም ነበር፤ ጉልበቴ ድረስ ደረሰ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርኩ። ዳገቱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነበር። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። እርጥብ ሱሪዬን አየችና ግጥሙን አልጀመረችውም።

«እንዴት ከረምክ፣ ልጄ?» አለችኝ።