ላምፕ ምንድን ነው? አራት ባይተዋር ሶፍትዌሮች እንዴት አንድ መድረክ ሆኑ

ፌስቡክ በ2004 ሲጀመር ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ መረጃውን ማይኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር) የሚያስቀምጥ ዌብሳይት ነበር። ዎርድፕረስም ከ2003 ጀምሮ በዚሁ ጥንድ ላይ ይሠራል። አማርኛውን ጨምሮ ዊኪፔዲያዎች የቆሙበት ሚዲያዊኪም የፒኤችፒ ሥራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ከሥር ያለው ግን ተመሳሳይ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ፣ ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር አፓቼ፣ ማይኤስኪውኤል እና ፒኤችፒ። የአራቱ ጥምረት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ላምፕ (LAMP) ይባላል።

ማንም ቁጭ ብሎ ላምፕን እንሥራ ያለ የለም። ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው። አፓቼ በ1995 ብቅ ያለው፣ የሚጠቀሙበትን ዌብ ሰርቨር የሚያድስላቸው ሲጠፋ ጥገናቸውን በኢሜይል ይለዋወጡ ከነበሩ ሰዎች እጅ ነው። ማይኤስኪውኤል የአንድ የስዊድን ኩባንያ ልጅ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሚካኤል ዊዴኒየስ ስሙን ያወጣለት ማይ በምትባለው ልጁ ነው። ፒኤችፒማ ጭራሽ ቋንቋ ሊሆን አልታሰበም፤ ራስሙስ ለርዶርፍ በ1994 የጻፈው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ሲቪ ማን እንደሚያየው ለመከታተል ነበር። በ1998 ሚካኤል ኩንዘ የተባለ ጸሐፊ በአንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ላይ እነዚህ ሶፍትዌሮች ቢጣመሩ ውዶቹን የንግድ ሶፍትዌሮች እንደሚገዳደሩ ሲጽፍ ላምፕ ብሎ ጠራቸው። ስሙም በዚያው ጸና።

አብረው እንዴት ይሠራሉ? አንድ የዜና ዌብሳይት ላይ አንዱን ርዕስ ነካችሁ እንበል። ጥያቄያችሁን ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ ያለበት ኮምፒውተር) ጋ መጀመሪያ የሚቀበለው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ዜና ይሁን የባንክ ሒሳብ ግድ አይሰጠውም። የሚያየው የፖርት ቁጥሩን፣ ማለትም ጥያቄው የትኛውን በር እንዳንኳኳ ነው። ቁጥሩ 443 ከሆነ አፓቼ እዚያ ላይ ጆሮውን ጥሎ እየጠበቀ ነውና ለእሱ ያቀብለዋል። አፓቼ አድራሻውን ያነባል። የተፈለገው ፎቶ ከሆነ ከዲስክ አንስቶ ይልካል፣ አለቀ። የፒኤችፒ ፋይል ከሆነ ግን ለፒኤችፒ ያስተላልፋል።

ፒኤችፒ ኮዱን ማስኬድ ይጀምራል። መሀል ላይ ቁጥሩ ይህን ያህል የሆነውን ዜና አምጣ የሚል ትእዛዝ ይገጥመዋል። ዜናው እሱ ጋ የለም፤ ስለዚህ ጥያቄውን በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል ጽፎ ወደ ማይኤስኪውኤል ይልካል። ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ከሆነ መደበኛ በሩ 3306 ፖርት ነው። መልሱ ሲመጣ ፒኤችፒ ጽሑፉን ብሮውዘር የሚያነበውን የገጽ ቋንቋ ኤችቲኤምኤል አልብሶ ለአፓቼ ይመልሳል፤ አፓቼም ለእናንተ ብሮውዘር።

አፓቼ ስለ ዳታቤዝ የሚያውቀው ነገር የለም። ማይኤስኪውኤልም ብሮውዘር የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከጎረቤቱ ጋር የገባውን ውል ብቻ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ መድረኩ ማለት ውሎቹ ናቸው፤ ሶፍትዌሮቹማ ይቀያየራሉ። ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ኤንጂንኤክስ የተባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር ሲያወጣ ብዙ ጎብኚ የሚያስተናግዱ ሳይቶች አፓቼን አውጥተው እሱን ተኩ፤ የፒኤችፒ ኮዳቸው ግን እምብዛም አልተነካም። ማይኤስኪውኤል ኦራክል በተባለው ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ እጅ ሊገባ ነው ሲባል ዊዴኒየስ ኮዱን ቀድቶ ማሪያዲቢ የተባለ ዳታቤዝ ጀመረ። እሱም በሌላዋ ልጁ ስም ነው። ዊኪፔዲያ በ2013 ወደዚያ ተሻገረ፤ አንባቢው ልብ አላለም። የመጨረሻው ፊደል እንኳ ፒኤችፒ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ፐርል ወይም ፓይተን የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው የሚሉም አሉ።

ችግሩም የሚመጣው በነዚሁ ውሎች በኩል ነው። ይህን ደግሞ ከአማርኛ ተጠቃሚ በላይ የሚያውቅ የለም።

የኢትዮጵያ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይወስዳል። ሰላም የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይት ነው ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ 2018 ድረስ፣ ማለትም ስሪት 8 እስኪወጣ፣ ካልተነገረው በስተቀር ጽሑፍን የሚቆጥረው ላቲን ዋን በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነበር። ገጹ ዩቲኤፍ 8 ነው፣ ፒኤችፒ የተሰጠውን ባይት ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ዳታቤዙ ላቲን ነው። ሦስቱም ራሳቸውን ችለው ትክክል ናቸው። አንባቢው የሚያየው ግን ተራ የጥያቄ ምልክት ወይም ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ክምር ነው።

ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያድናል። የላቲኑ ክምር ከሆነ ባይቶቹ አሉ፤ የተነበቡበት መንገድ ነው የተሳሳተው፣ ስለዚህ ይስተካከላል። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ማይኤስኪውኤል ሊለውጠው ያልቻለውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ባክአፕ ከሌለ ጽሑፉ ሄዷል።

ይህን ያስተካከለ ሰው ሌላ ጉድ ይጠብቀዋል። ማይኤስኪውኤል ለረጅም ጊዜ ዩቲኤፍ 8 ብሎ የሚጠራው እስከ ሦስት ባይት ብቻ የሚይዘውን ነበር። አማርኛችን ልክክ ብሎ ይገባበታል። አብዛኛው ኢሞጂ ግን አራት ባይት ነው። ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ባልተደረገበት ዳታቤዝ ላይ አንድ ሰው እንኳን አደረሳችሁ ብሎ፣ የአበባ ኢሞጂ ጨምሮ፣ ከዚያ ሦስት አንቀጽ ቢጽፍ፣ ከአበባው በኋላ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። መፍትሔው ከ2010 ጀምሮ ያለው ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ነው። በፒኤችፒ በኩልም ተራው የርዝመት መቁጠሪያ ሰላምን ዘጠኝ ይላል። በእሱ ቆጥሮ ርዕስ ያሳጠረ ዲቨሎፐር ፊደሉን መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል።

የፊደሉን ጣጣ ትተን የስሪት ጣጣም አለ። ፒኤችፒ 7 በ2015 መጨረሻ ሲወጣ ከማይኤስኪውኤል ጋር የሚያገናኙትን የድሮ ትእዛዞች ሙሉ በሙሉ አስወገደ። ሆስቲንጉ (ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት) ፒኤችፒን ሲያድስ አሮጌ ሳይት በአንድ ሌሊት ይወድቃል፤ ባለቤቱ ግን አንዲት መስመር አልነካም።

ላፕቶፕ ላይ የሚለማመዱ ተማሪዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጭኑት አፓቼን፣ ዳታቤዙንና ፒኤችፒን አንድ ላይ አሽጎ የሚያቀርበውን ዛምፕን ነው። ዊንዶውስ ላይ ሸጋ ሆኖ ይሠራል። ሥራው ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲሄድ ግማሹ ፎቶ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ይለያል። በ2013 የመጣው ዶከር የተባለው ሶፍትዌር የተወደደው ይህን አይነቱን ራስ ምታት ስለሚቀንስ ነው። እያንዳንዱን ሶፍትዌር ከነስሪቱና ከነቅንብሩ አሽጎ ላፕቶፑ ላይ የሠራውን እንዳለ ሰርቨሩ ላይ ያስነሳል።

ሁሉም ተስማምተው እንኳ ማንም የእኔ ነው የማይለው ሥራ ይቀራል። አንባቢ ጸሀይ ብሎ ይፈልጋል፤ ጽሑፉ ላይ ያለው ፀሐይ ነው። ዳታቤዙ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና ምንም አልተገኘም ይላል። ሊኑክስም አፓቼም ይህን አያስተካክሉም። ዲቨሎፐሩ ራሱ ፒኤችፒ ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ሰንጠረዥ ከነሰባቱ ቤቶች መጻፍ አለበት። ሃና ሓም ከሀ ጋር፣ ዓም ከአ ጋር መታየታቸውን አይርሳ። ከዚያ ጽሑፉ ሲቀመጥ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን የተስተካከለ ቅጂ በሌላ ዓምድ ያኖራል፤ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ሰንጠረዥ ያሳልፈዋል። ዋናው ጽሑፍ ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆያል።