ጋቢ አያሞቅም፣ ብረትም አይበርድም

የማስተምረው ድሬዳዋ ነው፤ አክስቴ የሚኖሩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከስስ ሸሚዝ ወደ ጋቢ ያሻግራል። ስለ ሙቀት ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች የለቀምኩት ከክፍሌ፣ ከአክስቴ ቤትና ከሚኒባሱ ወንበር ላይ ነው።

«የአልጋው ብረት ከዱካው ይልቅ ይበርዳል።»

አይበርድም። ብረቱም የእንጨት ዱካውም ሌሊቱን አንድ ክፍል ውስጥ ካደሩ መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው፤ ቴርሞሜትር ይመስክር። እጃችን ግን ቴርሞሜትር አይደለም። የሚሰማው ሙቀት ከቆዳችን የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ብረት ቶሎ ይነጥቃል፣ እንጨት ይለግማል። ድሬዳዋ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል፦ ያው ብረት አሁን ሙቀቱን ወደ እጃችን በፍጥነት ስለሚያቀብል ከጨርቁ ወንበር ይልቅ ያቃጥላል።

«ጋቢ ያሞቃል።»

ምድጃው ለባሹ ነው እንጂ ጋቢው አይደለም። የጥጡ ክሮች በመካከላቸው አየር ይይዛሉ፤ ከቦታው የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀት አስተላላፊነቱ እጅግ ደካማ ነው። የተጠራጠረ በረዶ በጋቢ ጠቅልሎ ይሞክረው፤ ሜዳ ላይ ከተቀመጠው በረዶ ዘግይቶ ይቀልጣል። በዚሁ ሒሳብ ብርድ የሚባል ከውጭ የሚገባ ነገር የለም፤ ያለው የሚወጣ ሙቀት ነው። ይህን ግን አክስቴ ፊት አልናገርም። «ብርዱ ገባ፣ በሩን ዝጋው» ሲሉኝ ተነሥቼ እዘጋለሁ።

«የበለጠ የሚያቃጥለው የበለጠ ሙቀት አለው።»

ከጀበና የተቀዳ 90 ዲግሪ የሆነ አንድ ስኒ ቡናና ግቢ ውስጥ ፀሐይ 35 ዲግሪ ያደረሰውን 200 ሊትር የበርሜል ውሃ እናስብ። ምላስ የሚልጠው ቡናው ነው። ሁለቱም ወደ 25 ዲግሪ ሲወርዱ ግን 70 ግራም የሚሆነው ቡና 19 ኪሎጁል ያህል ሲሰጥ፣ በርሜሉ 8,300 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል፤ ከ400 እጥፍ በላይ። መጠነ ሙቀት የቅንጣቶቹን አማካይ ጥድፊያ ይነግረናል፤ ምን ያህል ጉልበት እንደተከማቸ ለማወቅ ብዛታቸውንና የነገሩን ዓይነት መጨመር ያስፈልጋል።

«እሳቱ በተጨመረ ቁጥር የፈላው ውሃ ይበልጥ ይሞቃል።»

ብዙ ከሰል በከንቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ መጠነ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ የተጨመረው እሳት ሁሉ እንፋሎት ለመሥራት ይውላል። እንፋሎት ደግሞ ውድ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ሐረር ላይ እስኪፈላ ወደ 310 ኪሎጁል ይበቃዋል፤ ያንኑ ውሃ ፈጽሞ ለማትነን ግን 2,270 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ መክደን ነው፤ ባቄላው በሚንተከተክ ውሃ የሚበስለው በሚንፈቀፈቀው በሚበስልበት ፍጥነት ነው።

አክስቴ «የሐረር ውሃ ባቄላ አያበስልም» ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ስቄባቸዋለሁ፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። ጥፋቱ የውሃው ሳይሆን የአየሩ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከፍታው ሲጨምር ከላይ የሚጫነን አየር ስለሚሳሳ ውሃው በድሬዳዋ 96፣ በሐረር 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ያ ሁለት ዲግሪ ለባቄላ ብዙ ነው። ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስት ገዝቼላቸው ክርክሩ ቆሟል፤ ፉጨቱን ግን አልወደዱትም።

«ሐረር ለፀሐይ ትቀርባለች፣ ሙቀትም ወደ ላይ ይወጣል፤ ታዲያ ለምን ትቀዘቅዛለች?»

ይህን የጠየቀኝ ተማሪ ነው፤ ጥያቄው ከብዙ መልሶች ይሻላል። የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ነው፦ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ 700 ሜትር መቅረብ ምንም አይደለም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን መታረም አለበት። ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ሳይሆን ሙቅ አየር ነው፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛና ከባድ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። አየሩ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ ይለጠጣል፤ ለመለጠጥ የሚያወጣው ከራሱ ጉልበት ስለሆነ እግረ መንገዱን ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ መንፊያው የሚግለው በተቃራኒው፣ አየሩን ስለምናምቀው ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ለ700 ሜትር ከአራት ዲግሪ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ አየር በዋናነት የሚሞቀው በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን ፀሐይ ካጋለችው መሬት ነው።

«ቬንትሌተር ክፍሉን ያቀዘቅዛል።»

ባዶ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ከፍቶ መሄድ ከተማችን ውስጥ የተለመደ ነው። ቬንትሌተር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም፤ እንዲያውም የሚበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ ክፍሉን በጥቂቱ ያሞቀዋል። የሚረዳው ላብ ያለበትን አካል ነው፦ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ከቆዳ ይዞ ይሄዳል፤ የድሬዳዋ ደረቅ አየርም ትነቱን ያፋጥናል። እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ውሃውን የሚያበርደው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩን ወደ ጀሪካኑ ያዞረ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ያገኛል፤ ለባዶ አልጋ የከፈተው ግን የሚያገኘው የመብራት ቢል ነው።