በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

ይህን ተረት ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተግሣጽ ነው። ዕዳውን ከዘመድ ሸሽጎ የቆየ፣ የትዳሩን ችግር ለሽማግሌ ሳይናገር ነገሩ የከፋበት ሰው ይባልበታል። ችግርህን ካልተናገርክ የሚረዳህ አታገኝም ማለት ነው።

ንግግሩ ራጅም አልትራሳውንድም የሌለበትን ቤት ያሳየኛል። ወጌሻ ስብራቱን በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል። የሆድ ሕመም ግን እንዲያ አይዳሰስም፤ ባለመድኃኒቱ ቅጠል ከመበጠሱ በፊት የሚይዘው ነገር ቢኖር የታማሚው ቃል ነው። «መድኃኒት» ራሱ ከግዕዙ «ድኅነ» የመጣ ነው፤ ዳነ ማለት ነው። መድኃኔዓለምም ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ «መድኃኒት የለውም» ሲባል መዳኛ የለውም እንደማለት ነው፣ ከባድ ቃል ነው።

እኔ ቀዶ ሐኪም ነኝ። በተረቱ እስማማለሁ፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ስንጭንበት ያመኛል።

አንዲት እናት ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተራ ደርሷቸው ነበር። «ዛሬ የቀመሱት ነገር አለ?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም፣ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል፣ በጣታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ጠበልስ?» ቀና አሉ። «እሱማ አሁን ጠዋት አንድ ኩባያ ጠጥቻለሁ። ትቆጣኛለህ ብዬ ነው።»

ሰው ማደንዘዣ ሲወስድ ጉሮሮው ራሱን መጠበቅ ያቆማል፣ ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት የምንጠብቀው። ጠበሉም ውሃ ነው። ተራቸውን ከሌላ ሰው ጋር ቀያየርንና ጠበቅን። በሰላም ገብተው በሰላም ወጡ።

«ትቆጣኛለህ ብዬ ነው» የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም። ሴትየዋ የሸሸጉት ከእኔ ፊት ነው። ፊቴ ተቆጪ መስሎ ከታያቸው ደግሞ ማስተካከል ያለብኝ እኔ ነኝ።

የፌስቱላ ነገር ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ለቀናት አምጠው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ከሰው ተሸሽገው ኖረዋል። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት መጡ፣ በ1974 ደግሞ የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ታክማ ከእነሱ ጋር ቀረች። የሕክምና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ እያየች እየሠራች ተምራ ሌሎች ሴቶችን የምታክም ሆነች። እስቲ አስቡት፣ ያቺው ሕመም ያለፈባት ሴት «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት የትኛዋ ሴት ናት የምትደብቃት?

እኔ አሁን መጋረጃውን ዘግቼ፣ አስታማሚውን «ትንሽ ውጭ ጠብቁን» ብዬ ነው የምጀምረው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ በምጠይቅበት ድምፅ ስለ ጠበሉ፣ ስለ ባህል መድኃኒቱ፣ ስለ ጫቱና አረቄው እጠይቃለሁ። ቶሎ የማይነግሩኝ አሉ። እነሱን ቆይቼ፣ ሲረጋጉ ደግሜ እጠይቃለሁ።

እማማ ለክትትል ሲመለሱ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘውልኝ መጡ። «ሲደክምህ አያለሁ፣ ጠጣ» አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ጠጣሁ።